የፈንዲሻ ዳንቴልና የአማቴ ጣቶች

እስቲ ሳሎናችሁ መሐል ቆማችሁ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ቴሌቪዥኑ ላይ፣ የሶፋው መደገፊያ ላይ ወይም የቡና ስኒዎቹ ላይ የተደረበ ዳንቴል አለ? በብዙዎቻችን ቤት አለ፤ ከሌለም በእናታችን ቤት ነበር። ማን እንደሠራው፣ በስንት ሌሊት እንደተሠራ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

እኔም ከማያስታውሱት አንዷ ነበርኩ። እንዲያውም እውነቱን ልናገርና ዳንቴል ሥራን የምንቅ ሴት ነበርኩ። ዛሬ የምጽፍላችሁ አንድ የዳንቴል አሠራር ስማር ስላገኘሁት ነገር ነው። አሠራሩንም ደረጃ በደረጃ አሳያችኋለሁ፤ ክርና ኪሮሽ ካላችሁ ዛሬ ማታ ልትጀምሩት ትችላላችሁ።

እማማ ወደ ቤታችን ሲመጡ

አማቴ ከአሰላ ወደ እኛ ቤት የመጡት በግላኮማ ምክንያት ዓይናቸው እየደከመ በሄደ ጊዜ ነው። የሚታዘዝላቸው ጠብታ የቀረውን እይታ ለማቆየት እንጂ የጠፋውን ለመመለስ እንዳልሆነ ሐኪሙ በግልጽ ነገረን። ባለቤቴ የበኩር ልጃቸው ነው፤ ስለዚህ ሳንመካከር ብዙ ሻንጣቸውን ተቀበልን። ከሻንጣው ጋር አንድ የፕላስቲክ ቦርሳ ነበረ፤ ውስጡ ነጭ ክር፣ አንዲት ቀጭን ኪሮሽና ያልተጨረሰ የጠረጴዛ ልብስ ነበረበት።

የመጋቢ ቤት ምን እንደሚመስል ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ጠዋት የሴቶች ኅብረት፣ ከሰዓት ለቅሶ ወይም የታመመ ጥየቃ፣ ማታ ጥናት አለ። በመሐል ደግሞ እንግዳ አይጠፋም። እኔ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተመራቂ ነኝ፤ የግሪክኛ ግሥ ሳረባ ያደርኩባቸው ሌሊቶች ብዙ ናቸው። ጊዜዬን ቁም ነገር ላይ እንደማውል አምን ነበር። እማማ ደግሞ ጠዋት በረንዳው ላይ ይቀመጡና እስኪመሽ ክር ሲስቡ ይውላሉ። ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር ያ ነጭ ክር ይታየኛል። ሲሠሩት ይቆዩና ይተረትሩታል፤ ደግሞ ይጀምሩታል። «ይህ ለማን ይጠቅማል?» እያልኩ በልቤ አጉረመርም ነበር።

አንድ ማታ ባለቤቴ አምሽቶ ሲገባ ያጠራቀምኩትን አወጣሁት። «እናትህ ቀኑን ሙሉ ክር ይስባሉ፤ እኔ ደግሞ ይህን ቤት ብቻዬን እስባለሁ» አልኩት። መልስ አልሰጠኝም። ራቱን ሳይጨርስ ተነሣ። ከዚያ በኋላ በመካከላችን ዝምታ ገባ። ትዳር ያላችሁ እንዲህ ያለውን ዝምታ ታውቁታላችሁ። «ጨው አቀብለኝ» ይባላል፤ «እንዴት ዋልክ» ግን አይባልም።

መብራት የጠፋ ማታ

በዚያው ሳምንት አንድ ማታ መብራት ጠፋ። ሻማ ፈልገን አጣን። የባለቤቴ ስልክ ባትሪው አልቋል፤ እኔም የማዘጋጀውን ጥናት አጥፌ አስቀመጥኩ፤ ልጆቹም ዝም አሉ። በጨለማው ውስጥ አንድ ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ የእማማ ኪሮሽ ከጋብቻ ቀለበታቸው ጋር ሲነካካ። ሥራቸውን አላቋረጡም።

«እማማ፣ በዚህ ጨለማ እንዴት ያዩታል?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እኔ ይህን መች በዓይኔ ሠራሁት!» አሉ ሳቅ ብለው። «ያኔ ኩራዝ ነበር፤ ጋዝ ደግሞ ውድ ነው። ልጆቹ ጥናታቸውን ሲጨርሱ ኩራዙን አጠፋና በጣቴ እቀጥላለሁ። ሌላው አሠራር በጨለማ ይጠፋብኛል። ፈንዲሻ ግን እብጥ እብጥ ስለሚል ጣቴ ያገኘዋል፤ ሽንብራ እንደ መልቀም ነው።»

ባለቤቴ ከተቀመጠበት ጥግ ሆኖ ተናገረ። «ሰባተኛ ክፍል ስገባ ያደረግሁት ጫማ በእርሱ የተገዛ ነው» አለ። «ደብተሩም፣ የእህቴም ዩኒፎርም። አባታችን ከሞተ በኋላ እማዬ የሙሽራ አልጋ ልብስ እየሠራች ነው ያሳደገችን።»

ከተጋባን 19 ዓመታችን ነው። ይህን ነግሮኝ አያውቅም ነበር፤ እኔም ጠይቄው አላውቅም። ያን ማታ ፊቴን ማንም ስላላየው ጨለማውን ወደድኩት።

በማግስቱ ጠዋት ቡና አፍልቼ በረንዳው ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «እማማ፣ ፈንዲሻውን ያስተምሩኛል?» አልኳቸው። «አንቺ? የተማርሽው?» አሉኝ። ለቀልድ ነው ያሉት፤ እኔን ግን ወጋኝ።

ፈንዲሻ ምን ዓይነት አሠራር ነው?

ጠፍጣፋ ከሆነው ዳንቴል ላይ እብጥ ብሎ የሚነሣ ጌጥ ለማውጣት ብዙ መንገድ አለ። በእንግሊዝኛ የእጅ ሥራ መጻሕፍት ውስጥ ሦስቱ ብዙ ጊዜ ጎን ለጎን ይቀርባሉ፤ ፓፍ፣ ቦብል እና ፖፕኮርን ይባላሉ። ፖፕኮርን ያው የእኛው ፈንዲሻ ነው፤ ፈንድቶ የወጣ በቆሎ ስለሚመስል ነው እንዲህ የተባለው።

ሦስቱን ለመለየት «ቋሚ» የምለውን ማወቅ ያስፈልጋል። ቋሚ ማለት ክሩን አንድ ጊዜ ኪሮሹ ላይ ጠምጥመን፣ ኪሮሹን ዓይኑ ውስጥ አስገብተን ክር ስንስብ የሚገኙትን ሦስት ቀለበቶች፣ ሁለት ሁለቱን አድርገን በሁለት ጊዜ የምንዘጋው ነው። አሜሪካኖች ይህን ደብል ክሮሼ ይሉታል፤ እንግሊዞች ግን ትሬብል ይሉታል። ከመጽሐፍ ወይም ከቪዲዮ የምትማሩ ከሆነ የማን አጠራር እንደሆነ አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ አለበለዚያ ሥራው ሁሉ ይዛባባችኋል።

ፓፍ የሚሠራው ረዘም ያሉ ቀለበቶች በአንድ ዓይን ውስጥ ደጋግሞ ስቦ በአንድ ላይ በመዝጋት ነው፤ ለስለስ ይላል። ቦብል ደግሞ ብዙ ጊዜ አምስት ቋሚዎች ሳይጨረሱ፣ የየአንዳንዳቸው የመጨረሻ ቀለበት ኪሮሹ ላይ እየቀረ፣ በስተመጨረሻ በአንድ ስበት የሚዘጉበት ነው። በፈንዲሻ ግን አምስቱም ቋሚዎች ሙሉ በሙሉ ይጨረሳሉ። ከዚያ የመጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር ይያያዝና መሐሉ ተጣጥፎ ወደ ፊት ይወጣል። ከሦስቱ ይበልጥ ጎልቶ የሚነሣው ይህ ነው፤ ለጣት የሚታወቀውም ለዚህ ነው።

ክርና ኪሮሽ

ጀማሪ በቀጭን የዳንቴል ክር ባይጀምር ይሻላል። ወፈር ያለ፣ ቀለሙ ነጣ ያለ የጥጥ ክር ከ4 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ ጋር ያዙ፤ ጥቁር ክር ዓይኑን ለማየት ያስቸግራል። እጃችሁ ከለመደ በኋላ ወደ 10 ቁጥር የዳንቴል ክርና ወደ 1.5 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ መውረድ ትችላላችሁ። የዳንቴል ክር ቁጥሩ በጨመረ መጠን ክሩ እንደሚቀጥን አትርሱ።

ፈንዲሻ ክር ይበላል። በአንድ ቦታ አምስት ቋሚ ስለሚገባበት ከጠፍጣፋው ሥራ የበለጠ ይፈጃል። ስለዚህ ክሩን ስትገዙ በቂውን በአንድ ጊዜ ግዙ፤ ወረቀቱ ላይ ያለው የቀለም ቁጥርም አንድ መሆኑን ተመልከቱ። መሐል ላይ አልቆባችሁ ሌላ ብታመጡ ነጩ ከነጩ ላይገጥም ይችላል።

ለመለማመጃ የምትሠሩት

ይህ እማማ ያስጀመሩኝ ትንሽ ቁራጭ ነው።

1. 21 ሰንሰለት ሥሩ።

2. አንደኛ ረድፍ፦ ከኪሮሹ ቆጥራችሁ በ4ኛው ሰንሰለት ላይ አንድ ቋሚ ሥሩ፤ ከዚያ በቀሩት ሰንሰለቶች ሁሉ ላይ አንድ አንድ ቋሚ። የተዘለሉት ሦስት ሰንሰለቶች እንደ አንድ ቋሚ ስለሚቆጠሩ ድምሩ 19 ይሆናል።

3. ሁለተኛ ረድፍ፦ ሥራውን አዙራችሁ 3 ሰንሰለት ሥሩ፤ ይህ እንደ መጀመሪያው ቋሚ ይቆጠራል። ቀጥሎ ባሉት ሁለት ዓይኖች ላይ አንድ አንድ ቋሚ። አሁን አራተኛው ዓይን ላይ ናችሁ፤ ፈንዲሻው እዚህ ይሠራል።

በዚያው አንድ ዓይን ውስጥ አምስት ቋሚ ሥሩ። ኪሮሹ ላይ ያለውን ቀለበት ትንሽ ዘርጉትና ኪሮሹን ከውስጡ አውጡት። ኪሮሹን ከአምስቱ የመጀመሪያው ቋሚ ራስ ላይ ከፊት ወደ ኋላ አስገቡ። የለቀቃችሁትን ቀለበት መልሳችሁ በኪሮሹ ያዙና በመጀመሪያው ቋሚ ራስ ውስጥ ሳቡት። እንዳይላላ አንድ ሰንሰለት ሠርታችሁ ቆልፉት። ፈንዲሻው ወደ እናንተ ብቅ ይላል።

ቀጥሎ 3 ቋሚ በሦስት ዓይኖች፣ ከዚያ አንድ ፈንዲሻ፣ ደግሞ 3 ቋሚ፤ እንዲህ እያላችሁ እስከ ዳር ሂዱ። አራት ፈንዲሻ ይወጣችሁና በ3 ቋሚ ትጨርሳላችሁ።

4. ሦስተኛ ረድፍ፦ 3 ሰንሰለት ሠርታችሁ አዙሩ፤ በሁሉም ላይ አንድ አንድ ቋሚ። በእያንዳንዱ ፈንዲሻ ራስ ላይ የሚሠራው አንድ ቋሚ ብቻ ነው። ስትጨርሱ ቁጠሩ፤ 19 መሆን አለበት። ከበዛ፣ የቆለፋችሁበትን ሰንሰለት እንደ ሌላ ዓይን ቆጥራችሁታል ማለት ነው።

5. አራተኛ ረድፍ፦ ፈንዲሻዎቹ ከታቹ ረድፍ መሐል መሐል እንዲያርፉ 5 ቋሚ፣ ፈንዲሻ፣ 3 ቋሚ፣ ፈንዲሻ፣ 3 ቋሚ፣ ፈንዲሻ፣ 5 ቋሚ ሥሩ። የመጀመሪያዎቹ 3 ሰንሰለቶች እዚህም እንደ አንድ ቋሚ ይቆጠራሉ።

ከዚያ ሦስተኛውን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን ረድፍ እያፈራረቃችሁ ቀጥሉ። ፈንዲሻው የሚሠራው ሁልጊዜ የዳንቴሉ ፊት ወደ እናንተ ሲሆን ነው። በጀርባው በኩል መሥራት ካስፈለገ ኪሮሹን ከኋላ ወደ ፊት አስገቡ፤ ያኔ እብጠቱ በፊተኛው በኩል ይወጣል።

ሲታጠብ አትጨምቁት። ስትተኩሱትም ወፍራም ፎጣ አንጥፋችሁ ፊቱን ወደ ታች ደፍታችሁ ተኩሱት፤ ከላይ ካዩን ያረፈበት ፈንዲሻ ይተኛል።

«ልቀቂው፣ አይሸሽም»

እዚህ ላይ ስጽፈው ቀላል ይመስላል። እኔ ግን ኪሮሹን ከቀለበቱ ውስጥ አውጪ በተባልኩ ቁጥር እጄ አልታዘዝ ይለኝ ነበር። የደከምኩበት ሁሉ የሚተረተር እየመሰለኝ ቀለበቱን በአውራ ጣቴ ጨምቄ እይዛለሁ። እማማ ክሩ መወጠሩን በጣታቸው ሲያውቁ «ልቀቂው ልጄ፣ አይሸሽም» ይሉኛል። «ወደ መጀመሪያው ካልተመለስሽ እኮ አይፈነዳም።»

በሦስተኛው ቀን አንድ ሙሉ ረድፍ ጨርሼ በኩራት ሰጠኋቸው። ዓይናቸውን ወደ ግቢው እንዳደረጉ ጣታቸውን በረድፉ ላይ አስኬዱ። ሦስተኛው ላይ ቆሙ።

«ይቺ አራት እግር ናት» አሉ።

ቆጠርኩ። አራት ነበረች። አምስተኛውን ቋሚ ረስቼዋለሁ። ዓይን ያለኝ እኔ አላየሁትም፤ እርሳቸው አገኙት። «ፍቺው» አሉኝ፤ ፈታሁት። ቀደም ሲል እርሳቸው የሠሩትን መልሰው ሲተረትሩ ጊዜ የሚያባክኑ ይመስለኝ የነበረው ትዝ አለኝ። ለካ ማንም የማያየውን አራት እግር እያስተካከሉ ነበር።

እጃችን ሥራ ሲይዝ አፋችን ተፈታ። ፊት ለፊት ተቀምጠን ቢሆን የማንነጋገረውን ሁሉ ክር እየሳብን ተነጋገርን። አንድ የአልጋ ልብስ ስንት ወር እንደሚፈጅባቸው፣ ሙሽራዋ ዋጋ ስታስቀንሳቸው ምን ይሰማቸው እንደነበረ፣ ባለቤቴ በልጅነቱ ክር እየጠቀለለ እንዴት ያግዛቸው እንደነበረ ነገሩኝ። አንድ ቀን ደግሞ ሳልጠይቃቸው «እኔ እዚህ የምሠራው ሸክም እንዳልሆንባችሁ ብዬ ነው፤ ለልጅሽ ጠረጴዛ እንዲሆን» አሉኝ። ያን ማታ ለባለቤቴ የተናገርኩትን ሰምተው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ግን ኪሮሹን አስቀምጬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ማታ ደግሞ ባለቤቴን ጠየቅሁት።

በረሃብ ዘመን ዳንቴል

ንቀቴ ሲለቀኝ ስለዚህ ሥራ ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ። ዳንቴል ያሳደገው የእኔን ባለቤት ብቻ አይደለም። በአየርላንድ እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ የድንች በሽታ የሕዝቡን ዋና ምግብ አጠፋና አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ። በ1847 ካሳንድራ ሃንድ የተባለች ሴት ባሏ በቄስነት ወደሚያገለግልባት ክሎኒስ ወደምትባል ከተማ መጣች። የአገልጋይ ሚስት ናት፤ ደጇ ላይ የተራበ ሕዝብ አለ። ያደረገችው ነገር ከሌላ አውራጃ የዳንቴል አስተማሪ አስመጥቶ ሴቶችን ማሠልጠን ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያ አካባቢ 1,500 ያህል ሠራተኞች በኪሮሽ እንጀራቸውን ያገኙ ነበር። እነዚያ ሴቶች የሚታወቁበት አሠራር የክሎኒስ ቋጠሮ ይባላል፤ እርሱም እንደ ፈንዲሻ እብጥ ብሎ በጣት የሚዳሰስ ነው።

ይህን ሳነብ የኢዮጴዋ ጣቢታ ትዝ አለችኝ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ላይ መበለቶቹ እያለቀሱ የሠራችላቸውን ልብስ ለጴጥሮስ ሲያሳዩት እናነባለን። ይህን ክፍል በሴቶች ጥናት ላይ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! ልብሱ በስንት ሌሊት እንደተሠራ ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። በገዛ ቤቴ በረንዳ ላይ የተቀመጡትንም ጣቢታ አላየኋቸውም ነበር።

የጠረጴዛው ልብስ

እማማ ዛሬ የሚለዩት ብርሃንና ጨለማን ብቻ ነው። የጠረጴዛው ልብስ ግን ባለፈው ወር አለቀ። ግማሹ የእርሳቸው ነው፤ ግማሹ የእኔ። የቱ የማን እንደሆነ እንግዳ አይለየውም፤ እማማ ግን ጣታቸውን አሳልፈው «እዚህ ጋ አንቺ ጀመርሽ» ይላሉ።

በመጨረሻው ረድፍ ላይ አንዲት አራት እግር ፈንዲሻ አምልጣኝ ነበር። እማማ አገኟት። ልተረትረው ኪሮሽ ሳነሣ እጄን ያዙኝ። «ይህቺስ ትቅር» አሉ። «እኔ ሳልኖር ልጅሽ ስትዳስሳት፣ እናቴ የተማረችበት ነው ትበል።»

ባለቤቴ አሁን ማታ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ «ስንት ረድፍ ደረሰ?» ይላል። እኛም እንነግረዋለን። ከዚያ እንዴት እንደዋለ እጠይቀዋለሁ።

እህቶቼ፣ በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ እጃቸው አንድ ነገር የሚያውቅ እናት አሉ? ዳንቴል ይሁን፣ ስፌት ይሁን፣ ጥልፍ ይሁን፣ ዓይናቸው ሳይደክም፣ ጣታቸው ሳይደነዝዝ ክር ይዛችሁ ሂዱ። «ያስተምሩኝ» በሏቸው። ወንድሞችም፣ በምን እንዳደጋችሁ ለሚስቶቻችሁ ንገሯቸው። መብራት እስኪጠፋ አትጠብቁ።

በርቱ፤ ጌታ ትዳራችሁንና ቤታችሁን ይባርክ።